ሀያት ጀሶ ለብሳ የከረመችበት በጋ

ሰሞኑን ጎረቤታችን ሳሎኗን እያሳደሰች ነው። ትናንት ቁልፍ ላቀብላት ብቅ ስል አንድ ወጣት የኮርኒስ ሠራተኛ በጎማ ሳህን ውሃ ቀድቶ ጀሶ ይበትንበታል። ጀሶ ደረቁን ምንም አይሸትም። ውሃ ሲነካው ግን ጉሮሮ ድረስ የሚገባ፣ የረጠበ ጠመኔ የሚመስል ሽታ ያወጣል። ቁልፉን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ ልብሴ እንዳይበላሽ ብሎ ፈቀቅ እንድል ነገረኝ። እኔ ግን ልብሴ ትዝም አላለኝ። ትዝ ያለኝ አባቴ ነው፤ ታናሽ እህቴ ሀያት ከደረቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ለብሳ የከረመችበት ያ የጅዳ በጋም አብሮ መጣብኝ።

ያኔ የምንኖረው ጉለይል የሚባል ሰፈር ነበር፤ ግድግዳው ዓመቱን ሙሉ የሚያልበው አሮጌ ፎቅ ላይ። ሦስት ክፍል ካለው ቤት አንዷ የእኛ ናት። በሁለቱ ከወሎ የመጡ ወጣቶች ተደራርበው ያድራሉ። ጠዋት ወጥተው የቀን ሥራ ፍለጋ መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ የቀናው ይሄዳል፣ ያልቀናው ተመልሶ ይተኛል። አባቴ ሰኢድ ሙያ ስላለው ከእነሱ ይሻላል። በሀብታም ሳሎን ኮርኒስ ላይ በጀሶ አበባና ሐረግ የሚያወጣው እሱ ነው። ከሥራ ሲመጣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ስለሚሆን፣ አባቴ በየቀኑ ሥራ ቦታ አርጅቶ ቤት ሲታጠብ ወጣት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዘሀራ ደግሞ ጃሚዓ ሰፈር በአንድ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። የማዳሟን ልጆች ታሳድጋለች። ወደ እኛ የምትመጣው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው፤ መግሪብ ሲቃረብ ትመለሳለች። ለእኔ እናት ማለት የሳምንቱ አንድ ከሰዓት በኋላ ነበረች። በሌላው ቀን በስልክ ትመጣለች። አባቴ ሥራ ሲውል ከላይ ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ታየን ነበር። እኔ ሰባት ዓመቴ ገደማ ነው፤ ሀያት ደግሞ ሮጣ የማትጠግብ፣ ገና ሁለት ዓመት ልትደፍን የደረሰች።

መከራው የመጣው ከደግ ሐሳብ ነው። አባቴ፣ እናቴ ዓርብ ስትመጣ ጎኗን የምታሳርፍበት የራሷ ጥግ እንዲኖራት ፈለገ። ክፍላችንን ለሁለት ሊከፍልላት ከሥራ ቦታ የተረፉ የጀሶ ሰሌዳዎች አመጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ አስደግፎ አቆማቸውና ለዐስር ሶላት ዉዱእ ሊያደርግ ገባ። ሀያት የፊተኛውን ሰሌዳ ጠርዝ ይዛ ሳበችው። ድምፁ ብዙም አልነበረም፤ ፍራሽ የወደቀ ያህል ነው።

እኔ ደም ስላላየሁ ደንግጣ ነው የምታለቅሰው ብዬ አይዞሽ ልላት ጎንበስ አልኩ። አባቴ ፊቱ ውሃ እያንጠባጠበ መጣ። ሰሌዳውን አንስቶ ጣለና ጭኗን አየ። ጭኗ ሰው በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፎ ነበር። አልጮኸም። ከተሰበረው ሰሌዳ አንድ ቁራጭ ከሥሯ አስገባ፤ የራሱን ሻሽ ፈትቶ ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ አሰረ። ከጎን ክፍል ከማል የሚባለው ልጅ በባዶ እግሩ ወርዶ ታክሲ አስቆመልን።

ያን ዓመት ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ልክ ስለነበር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ የመለሰን የለም። እናቴን ማዳሟ ራሷ በመኪና አመጣቻት። ዐባያዋን ገልብጣ ለብሳ ነበር የመጣችው። ሀያትን ካየች በኋላ ወደ አባቴ ዞራ ሰሌዳውን ማን እንዳቆመው ጠየቀችው። ልጅቷ ሳበችው ሊል ይችል ነበር፤ ጎረቤቷ ዘወር ብላ ነው ሊልም ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አላት። «በደንብ ሳላቆመው ሄድኩ።»

እናቴ ተመልሳ ወደ ሀያት ዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ጊዜ ስሙን አልጠራችውም። የምታወራው ስለ ሀያት ብቻ ሆነ፤ በላች ወይ፣ ተኛች ወይ፣ ጣቷ ሞቃት ነው ወይ።

በማግስቱ ሀያትን ሳያት ሳቄ መጣ። ከደረቷ ጀምሮ ነጭ ሆናለች። የታመመው እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ደህነኛው እስከ ጉልበት በጀሶ ተጠቅልሎ፣ በሁለቱ መሃል እንደ መያዣ ያለ እንጨት ገብቷል። እኔ ይሄን የሠራው አባቴ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ጅዳ ውስጥ ጀሶ የሚሠራ ሌላ ማን አለ? «ባባ፣ ቀለሙን መቼ ትቀባታለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። አባቴ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባቴ ሲያለቅስ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየሁት።

አባቴ ሐኪሙ የሚያስረዳውን ቃል በቃል ሰማ። ውሃ እንዳይነካት፣ ቶሎ ቶሎ እንድትገላበጥ፣ የጣቶቿ ቀለም እንዲታይ፣ ጠርዙ ቆዳዋን እንዳይልጣት። ከዚያ አባቴ የእጁን ጀርባ ጀሶው ላይ አሳርፎ፣ ሥራ ቦታ እንደሚያደርገው፣ እርጥበቱን ለካና ለሐኪሙ በዐረብኛ «እጅህ ይባረክ፣ ጥሩ ሥራ ነው» አለው። ሐኪሙ በጀሶ ሥራው ከባለሙያ ተመስግኖ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ፈገግ ብሎ ትከሻውን ነካው።

ቤት ስንገባ ወጣቶቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ይዘው ሀያትን ወዲያው «እንቁላሏ» አሏት። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ከሥራ ሲገቡ ከሰላምታው በፊት «እንቁላሏ እንዴት ዋለች?» ነው።

አባቴ የውጭ ሥራውን አቆመ። ሙቀቱ የሚያቀልጥ ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ሲያሻው ይሠራል፣ ሲያሻው ያንኮራፋል። እሱ የኮርኒስ ማስጌጫዎቹን በትንንሽ ቅርጽ እያፈሰሰ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ይሠራ ጀመር። በመሃል ሀያትን ያገላብጣል። ዳይፐር የመቀየሩ ነገር ጥበብ ነበር። ትንሹን ዳይፐር ለመጸዳጃ በተተወው የጀሶው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ወትፎ፣ ትልቁን ከላይ ያስራል። መጀመሪያ ቀን በደንብ ሳያስገባው ቀርቶ ጠርዙ ረጠበ፤ አባቴ ቁጭ ብሎ በካርቶን ሲያራግብ ዋለ። ከዚያ ወዲያ አልተሳሳተም። የሳሎን ጽጌረዳ የሚቀርጹ ጣቶች ዳይፐር ሲወትፉ ማየት ያስቃል፤ እኔ ግን በዚያ የኮራሁትን ያህል በአበባዎቹ ኮርቼ አላውቅም።

ከማል አንድ ቀን ሊነካካው ፈልጎ ሞግዚት ሆንክ አለው። አባቴ ቀና ሳይል፣ «ዘሀራ የሰው ልጅ ትይዛለች። እኔ የራሴን ብይዝ ምን ይገርማል?» አለ። ከማል ቆይቶ ሀያትን ሊያገላብጥለት መጥቶ በየት በኩል እንደሚይዛት ጠየቀው።

ከሁሉ የከፋው ማሳከኩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከጀሶው ሥር ላቧ ይነሳና ሀያት ጀሶውን በጥፍሯ እየቧጨረች ታለቅሳለች። እጅ አይገባበት፣ ውሃ አይነካበት። አባቴ በአንገቷ በኩል በካርቶን ንፋስ እየላከላት መንዙማ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ እዚያ አገር መንዙማ የማይወዱ ጎረቤቶች አሉ። ከግድግዳው ማዶ ሥራ ያላገኙት ልጆች እኩል ዝቅ ባለ ድምፅ ይቀበሉታል። ሀያት እጇን ታወርድና ታዳምጣለች። እኔ መንዙማው በአንገቷ በኩል ገብቶ የሚያክክላት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከማል ከተጣለ ሻንጣ የነቀላቸውን ጎማዎች ይዞ መጣ። አባቴ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ገጠማቸው፤ ፍራሽ አነጠፈበትና ሀያትን በሆዷ አስተኛት። መጀመሪያ ግራ ገባት። ከዚያ በእጇ ወለሉን ገፋ ስታደርግ ጋሪው ሄደ። በሳምንቱ ከኮሪደሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየከነፈች የሰው ቁርጭምጭሚት የምትገጭ ሆነች። ወጣቶቹ ከሥራ ሲገቡ ግድግዳ ይዘው ያሳልፏታል። አባቴ ያንን እያየ ሲስቅ አስታውሳለሁ። እናቴ ግን ዓርብ መጥታ ስታይ አልሳቀችም። ልጄ መሬት ለመሬት መሄድ ለመደች አለች።

እናቴን የሚያስፈራት ነገር ነበራት። አገር ቤት ያለች ታላቅ እህቷ በልጅነቷ ከግንብ ወድቃ እግሯን ተሰብራ፣ ወጌሻ ሳያያት ስለቀረ እያነከሰች ነው የኖረችው። እናቴ ይሄንን ስታወራ የእህቷን አረማመድ በእጇ ታሳይ ነበር። ሐኪም ቤቱ አጥንቱን ሳያሸው፣ ሳይዳስሰው ቆልፎበታል ብላ አመነች። ጀሶው ተፈትቶ ወጌሻ ይየው፣ ካልሆነ ልጄ እንደ እህቴ ትቀራለች አለች። አባቴ አይሆንም አለ። የሁለቱ ጸብ ድምፅ አልነበረውም፤ ዓርብ ዓርብ ሻይ ሲቀዳ ብቻ ይታወቃል።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ዓርብ እናቴ ብቻዋን አልመጣችም። ሼህ ይማም የሚባሉ፣ በአሮጌው የጅዳ ሰፈር፣ በአል-ባላድ፣ አንድ መጋዘን የሚጠብቁ ሽማግሌ አስከትላለች። ወጌሻነት ከአባት ከአያታቸው የወረሱት ነው፤ ከመሰላል የወደቀ የአገር ልጅ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። እናቴ መቀስና የሞቀ ውሃ አዘጋጀች። አባቴ ከሀያትና ከመቀሱ መሃል ገብቶ ተቀመጠ። በእንግዳ ፊት፣ ያውም በሽማግሌ ፊት፣ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ሁለቱ ሀያትን እየጎተቱ ለሁለት የሚሰብሯት መሰለኝ።

ሼህ ይማም እጃቸውን ታጥበው ቢስሚላህ አሉ። አባቴን ልይ ብቻ ብለው አስፈቀዱት። የሀያትን አውራ ጣት ያዙ፤ ጥፍሯን ጫን አድርገው ለቀቁትና ቀለሙ ሲመለስ አዩ። ጀሶውን በጣታቸው አንኳኩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኩታቸው መለሱት።

«ልጄ ዘሀራ፣ እኔ ይህን አልፈታም» አሉ።

እናቴ ለምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

«ሌላ ሰው ይዞታል። በእኛ ዘንድ ሌላ ሰው የያዘውን አጥንት፣ የያዘው ሳይለቀው ወጌሻ አይነካም። አባቴም አልነካም፣ እኔም አልነካም። ሲለቀው ጥሩኝ፤ ያን ጊዜ የእኔ ተራ ነው።»

ወጌሻ ተራ የሚጠብቅ መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። እናቴ መቀሱን አነሳችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። አባቴ ከቦታው ተነስቶ ለሼሁ ትራስ አመቻቸላቸው፤ ለእናቴም ሻዩን እሱ ቀዳላት። አላመሰገነችውም፤ ጠጣችለት ግን።

ጀሶው የተፈታ ዕለት እኔ የጠበቅኩት ከውስጡ የድሮዋ ሀያት እየሮጠች ትወጣለች ብዬ ነው። የወጡት ሁለት ቀጫጭን፣ ቆዳቸው የሚላላጥ እግሮች ናቸው። በሌላ ሰው እግር የቀየሩባት መሰለኝና ፈራሁ። ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ገጥሟል፣ አትጎትቷት፣ ሲያሰኛት ትሄዳለች ብሎ አሰናበተን። ሼህ ይማምም ተራቸው ደረሰና በሰሊጥ ዘይት እግሯን እያሹ ከሐኪሙ ያልተለየ ነገር ተናገሩ።

ሀያት ግን አላሰኛትም። ስናቆማት ጉልበቷ ይከዳትና ቁጭ ትላለች። ያቺ ጋሪ ደግሞ አለች፤ በጋሪዋ ከሁላችንም ትቀድማለች፣ ለምን ብላ ትድከም? አባቴ ጋሪዋን አልነጠቃትም። እጀታ አበጀላትና፣ ቆማ ብትገፋው እንዳይከዳት አንድ ትልቅ የጀሶ ቁራጭ ጫነበት። ያን ጊዜም ቢሆን ቆማ መግፋቱን ሳይሆን ወጥታበት እንዲገፏት ነበር የፈለገችው። ከማል ገፍቶ ገፍቶ ወገቤ ተቆረጠ ይል ነበር።

እናቴ ዓርብ ዓርብ ትመጣና ከፊቷ ቁጢጥ ብላ እጇን ትዘረጋለች። ነይ፣ የኔ ዓለም፣ ነይ ትላታለች። ሀያት ታያታለች፣ ከዚያ አባቴን ታያለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። አንድ ዓርብ እናቴ እጇን እንደዘረጋች ቆየችና ሰበሰበችው።

«እግሯ አይደለም» አለች። «እኔን ረስታኝ ነው።»

አባቴ ይህን ሰማ። ፊቱን አየሁት። ሀያት ጭኗን የተሰበረች ዕለት እንኳ እንዲያ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አባቴ ኮሪደሩ ላይ ጀሶ ውሃ ውስጥ በትኖ እያማሰለ ነበር። ሀያት አሁን ለምዳ ጋሪዋን ቆማ ትገፋለች። ጋሪው ግድግዳ ነካና ቆመ። ገፋችው፤ እምቢ አላት። ተናደደችና ለቀቀችው። ዞረች። ከዚያ ወደ አባቴ መጣች፤ አንድ ሁለት እያለች፣ ክንዶቿን እንደ ጫጩት ክንፍ ከፍታ፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ። ምንም ማንከስ አልነበረባትም። እኔ ጮህኩ። አባቴ በሁለት ጀሶአም እጁ አቀፋትና አንገቷ ውስጥ ገባ። ሁልጊዜ ጀሶ ከተበጠበጠ ሰው አይጠብቅም እያለ የሚቆጣ ሰው፣ ያን ቀን ጀሶው እሳህኑ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

እኔ ስልኩን ላነሳ ሮጥኩ። አባቴ እጄን ያዘኝ።

«ለእማ አትንገሪ» አለኝ።

ለምን ብዬ ብጠይቀው የደረቀውን ጀሶ ከሳህኑ መንቀል ጀመረ። ወጣቶቹ ሲገቡም ለእነሱም እንዲሁ አለ፤ እንቁላሏ አልሄደችም፣ ያየ የለም። እነሱ ወዲያው ገብቷቸው ነው መሰለኝ እየተጠቃቀሱ ወላሂ አላየንም አሉ፤ እሷ በእግራቸው መሃል እየተንገዳገደች እያለፈች። እኔን ግን አልገባኝም። መጀመሪያ የሰው ዐይን ፈርቶ ነው አልኩ። ቀጥዬ ደግሞ በእናቴ አኩርፎ ነው አልኩ። በማግስቱ እናቴ በቪዲዮ ደውላ እስቲ አቁማት ስትለው አባቴ ተኝታለች አላት። ሀያት አልተኛችም፤ ከበስተኋላው የእኔን ጫማ ይዛ እየሄደች ነበር። አባቴ ሲዋሽ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ማዳም ልጆቿን ይዛ ጥቂት ቀን ልትቀመጥ መካ ሄደች፤ እናቴንም ለልጆቹ ብላ ወሰደቻት። ስለዚህ ዓርብ መምጣት አትችልም። ማዳም ግን ከዐስር እስከ መግሪብ ለቅቄሻለሁ ስላለቻት፣ አባቴ እኛ እንመጣለን አላት። ባብ መካ ከሚባለው መናኸሪያ አውቶቡስ ይዘን ሄድን። ሀያትን መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አድርጎ አላወረዳትም። እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ። የቁርአን አስተማሪያችን መካ ውስጥ መልካም ሥራ እንደሚበዛ ሁሉ ወንጀልም ይከብዳል ብሎናል። አባቴ ካዕባ ያለበት መስጊድ፣ ሐረም ገብቶ ባይዋሽ ምን ነበረበት?

እናቴ የሐረሙ ግቢ ላይ፣ የዘምዘም ውሃ መቅጃዎቹ አጠገብ ቆማ ጠበቀችን። ጫማችንን አውልቀን ነጩ እብነ በረድ ላይ ተቀመጥን። ፀሐዩ ያን ያህል ሆኖ ድንጋዩ ከእግር ሥር ቀዝቃዛ ነበር። እናቴ ሀያትን ስማ ስማ ስታበቃ ጭኗን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ወደ አባቴ ሳታይ ጠየቀችው። መሄድ አልጀመረችም?

«ገና ናት» አለ አባቴ።

እዚያው! ካዕባ ከግንቡ ማዶ ሆኖ! ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። ርግቦች ብቻ ነበሩ። ምንም ስላልወረደበት ትንሽ ተረጋጋሁ፤ ግን ከአጠገቡ ፈቀቅ አልኩ።

አባቴ ዉዱእ ላድስ ብሎ ተነሳ። ሀያትን ከእናቴ ጥቂት ራቅ አድርጎ አቆማት። ወደ መታጠቢያው ግን አልሄደም። በዐይኔ ስከተለው፣ ውሃ መቅጃዎቹን ዞሮ ከኋላቸው ቁጢጥ አለ። የአባቴ ትልቅ ጀርባ፣ ሰው እየታከከው እያለፈ፣ ተሸሽጎ። ሀያት ዞራ ፈለገችው። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች፤ የለም። ፊቷ ሊያለቅስ ተጨማደደ። ከፊቷ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ ነይ እንኳ አላለችም፤ ብላ ብላ ሰልችቷታል። ሀያትም ሄደች። በቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ፣ ያንን የጫጩት ክንፏን ከፍታ፣ ቀጥ ብላ፣ እግሯን እኩል እያነሳች እናቴ ደረት ላይ ገብታ ቆመች።

እናቴ አላህ፣ አላህ እያለች ወዲህና ወዲያ ትወዛወዝ ነበር። አንዲት የማናውቃት ሴት ቆማ በማናውቀው ቋንቋ ዱዓ አደረገችላት። አባቴ ፊቱ ደረቅ ሆኖ ከዉዱእ መጣ። ምን ሆናችሁ አለ። ሄደች፣ ሀያት ሄደች አለችው እናቴ፤ እሱም ማሻአላህ፣ መቼ አለ። እኔ ልፈነዳ ነበር።

ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን። ሀያት እናቴ ጭን ላይ ሆና የዐባያዋን ቁልፍ ትበላለች። እናቴ ዐይኗን ጠራርጋ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መቼ ነው የጀመረችው?» አለችው።

«አሁን ነዋ። አየሻት አይደል?»

«ሰኢድ፣ ሐረም ነው ያለኸው።»

ስሙን ጠራችው። አባቴ አቀርቅሮ የእብነ በረዱን መጋጠሚያ በጣቱ ይከተል ጀመር። እናቴ አልተቆጣችም። ዝቅ ባለ ድምፅ ታወራው ጀመር፤ የማዳም ትንሹ ልጅ መጀመሪያ የሄደው ወጥ ቤት ውስጥ፣ ወደ እናቴ ነበር። ማዳም ሥራ ላይ ነበረች። እናቴ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ማዳም ስትገባ ልጁን መሃል ሳሎን አቆመችውና፣ ዛሬ የሚሄድ ይመስለኛል፣ እስቲ ጥሪው ብላ ራሷ በሩ ኋላ ገባች። ማዳም አለቀሰች፣ አቀፈቻት፣ እስከ ዛሬም የመጀመሪያውን እርምጃ ያየችው እሷ እንደሆነች ታምናለች።

«ከበሩ ኋላ ሆኜ ምን እንደሚሰማ አውቀዋለሁ» አለች እናቴ። «ድርሻዬን አስቀመጥክልኝ።»

እናቴ ሀያትን ከጭኗ አወረደቻት፤ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ድንጋዩ ላይ አቆመቻት።

«በል» አለችው፣ «አሁን ሳትደበቅ ጥራት።»

አባቴም ጠራት።